ክፉውን ማን ይጫወተው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባችን «ክፉን መጫወት ክፉን መለማመድ ነው» ሲል ጽፏል። ስም አልጠራም። ግን «ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ዳይስ እየወረወሩ ሌባ፣ ከሐዲና ነፍሰ ገዳይ የሚሆኑ የምናውቃቸው ልጆች» ካለ ከእኛ ሌላ ማንን ሊል ይችላል? አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው እሱ ያውቅ እንደሆነ ይንገረንና እንቀላቀላቸው። እንግዲህ ከሳሽ ቆሞ ተናግሯል፤ አሁን ተራው የኔ ነው። ዘሬ ከመንዝ ነውና ሙግት ተጠርቶ መቅረት አይሆንልኝም።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ አገሩን፣ አየሩን፣ መንገደኛውን፣ ጠላቱን ሁሉ የሚናገረው እሱ ነው። የቀረነው እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንፈጥርና በዚያ ሰው አፍ እንናገራለን። የሞከርነው ነገር ይሳካ አይሳካ የሚፈርደው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ነው። ገጸ ባሕርይህን ስትፈጥር ጠባዩንም ትመርጣለህ፦ ደግ፣ ክፉ ወይም መሃል ሰፋሪ። በሌላ በኩል ደግሞ ሕግ አክባሪ፣ ሕግ የለሽ ወይም በሁለቱ መካከል። ሦስቱን በሦስቱ ብታባዙት ዘጠኝ ዓይነት ሰው ይወጣል፤ ከዘጠኙ ሦስቱ ክፉዎች ናቸው።

ከሦስቱ ክፉዎች አንደኛው «ሕግ አክባሪ ክፉ» የሚባለው ነው። ባልደረባችን ይህን ያነበበ አይመስለኝም። እሱ ክፉ ሲባል የሚታየው ቀንድ ያለው፣ ጭስ የሚተፋ ነገር ነው።

እኛ ድራጎኑን ትተን ጓሳውን ወሰድን። ተራኪያችን አገሩን የሳለችው በመንዝ አምሳል ነው፤ ጉም የሚተኛበት ደጋ፣ ጭላዳ የሚግጥበት የገደል አፋፍ፣ ሰዉ ባናውን ተከናንቦ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስበት ጠዋት። (ጉዳዩን በቁም ነገር ማየት የሚፈልግ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ሰምና ወርቅ» ያንብብ፤ ሰውየው መንዝ ተቀምጦ ነው ያጠናው።) እኔ የመረጥኩት ሰው አንድ ባላምባራስ ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ሰው ሲያገኝ ከበቅሎው ወርዶ ሰላምታ ይሰጣል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከምንጩ በታች ያለችውን የአንዲት መበለት የገብስ ማሳ።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት በዚያ አገር ርስት እንዴት ይገኝ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሰው መሬት የሚጠይቀው በዘር ቆጠራ ነው፤ መንዝን ማማ፣ ላሎና ጌራ ብሎ እስከ መክፈል የሚደርስ የአቅኚ አባቶች ትውፊት አለ፤ ተከራካሪው እስከ አቅኚው አባት ወደ ላይ ይቆጥራል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል። ወረቀት የለም። ስለዚህ አንድ አያት ጨምሮ ወይም ዘሎ የሚቆጥር ምስክር ያለ ጠመንጃ መሬት ይነቅላል። ተራኪያችንም ይህንኑ ሕግ አድርጋ አመጣችው። «በላ ልበልሃ» ተባለ፣ ዋስ ተጠራ፣ የነገር አባት ተመረጠ፣ እኔም በጨዋ ደንብ ተነሥቼ ቆምኩ።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አንዱን ምስክር በጊደር ገዛሁት። ሁለተኛው ጊደር የማይቀበል ሰው ሆነ፤ ዳይሱም አራት ወጥቶ አሳፈረኝ። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። «መሬቱ በእጄ ከገባ እኩሌታው የደብሩ ይሆናል» አልኩት። እሱም ለደብሩ ብሎ መሰከረ፤ የዋሸ እንኳ አልመሰለውም። በመጨረሻ መበለቷ (ማለትም ተራኪያችን) ወደ ባላምባራሱ ቀርባ «እርስዎን እንደ አባት ነበር የማይዎት» አለች። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? አንድም ደቂቃ አላሰብኩም። «ልጄ፣ ይህን የማደርገው እኮ ለአንቺ ብዬ ነው። በእኩል የሚያርስልሽ ሁሉ እየበላሽ ነው፤ ብቻሽን አትዘልቂውም» አልኳት።

ጠረጴዛው ዝም አለ። አንዱ ልጅ «ኧረ አንተ ሰው!» ብሎ ሳቀ፤ ሌላዋ አልሳቀችም።

እናላችሁ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ ከየት መጣ? መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም፣ ፊልም ላይ አልሰማሁትም። ከዚያ ትዝ አለኝ። አባታችን ካረፈ በኋላ የአገር ቤቱን ድርሻ ስንከፋፈል ለታናሽ እህቴ ብያት ነበር፤ ከነቃናው፣ ከነ«ብቻሽን አትዘልቂውም»ው። እህቴ ያኔ ዝም ብላ ፈረመች። እኔም እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ለእሷ ያደረግሁላት ውለታ ነው የሚመስለኝ የነበረው። በማግሥቱ ደወልኩላት። ያወራነው የእኔና የእሷ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ባልደረባችን ግን ይንገረኝ፤ ክፉን መጫወት ክፉን ያስለምዳል ካለ፣ እኔ ዳይስ ከመንካቴ በፊት ይህን ማን አስለመደኝ?

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት ይሳላሉ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ያየናል። ክፉዎች፣ ይሁዳም ሆነ ሰይጣን ወይም ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች፣ በጎን ነው የሚሳሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ። ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ ያስረዱ፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከክፉው ጋር ዓይን ለዓይን አለመገጣጠሜ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ወደዚያ ያያል፣ እኔን አያውቀኝም፣ እኔም አላውቀውም። ባላምባራሱን ስጫወት የሆነው፣ ሥዕሉ አንገቱን አዙሮ በሁለት ዓይኑ ማየቱ ነው። ፊቱ ደግሞ የማውቀው ፊት ሆነ።

የባልደረባችን ሁለተኛው ክርክር የሃይማኖት ነው፤ ክርስቲያን በጨዋታም ቢሆን የክፉን ስም በአፉ አያነሣም ይላል። አያቶቻችንም ጥሩ ያልሆነ ነገር ሲነሣ «ስሙን ቄስ ይጥራው» ይሉ ነበር፤ እውነት ነው። ግን እኮ ቄሱ ይጠራዋል! በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት ዕለት የማን ታሪክ ነው የሚነገረው? የበላዔ ሰብእ። ሰባ ስምንት ሰው የበላ፣ ቤተሰቡን ያልማረ ሰው፤ በመጨረሻ ለአንድ ለተጠማ ችግረኛ በማርያም ስም ባጠጣት ጥርኝ ውኃ የዳነ ሰው። ታሪኩን ቤተ ክርስቲያን አልሸሸገችውም። ጎበዝ ሰባኪ ሲተርከው ሰምታችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ በላዔ ሰብእን ያስርበናል፣ ከዚያ ያስበላናል። እሱ ባይርበን ኖሮ ጥርኟ ውኃ ምን ያህል እንደምትከብድ በምን እናውቃለን?

ይህ ፍርሃት የእኛም ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጨዋታ ሰይጣን አምልኮ ነው ብለው አገር ይያዝልን አሉ። ልጇን በራሱ እጅ ያጣች አንዲት እናት በ1983 እ.ኤ.አ. ማኅበር መሥርታ ጨዋታውን ከሰሰች። ሐዘኗን የሚያቃልል ሰው ልብ የለውም፤ ምክንያቱን ያገኘችበት ቦታ ግን ትክክል አልነበረም። ኩባንያው ፈርቶ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሁለተኛ እትም «ሰይጣን» እና «ጋኔን» የሚሉትን ቃላት አውጥቶ በፈጠራ ስም ተካቸው። አውሬዎቹ ያው ነበሩ፤ ስማቸው ብቻ ተቀየረ። ቆይቶም ቃላቱ ተመለሱ።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ። ዕቃ ዕቃ የተጫወተ እጁን ያውጣ! እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ እንግዳ። እኛ ሰፈር አባት የሚሆነው ልጅ ሁልጊዜ እየተንገዳገደ ነበር የሚገባው። በሩን ይመታል፣ «ራቴን!» ይላል፣ «እናት»ን ይሰድባል፤ እሷም እንደ እናቷ አንገቷን ደፍታ «ቁጭ በል፣ አቀርባለሁ» ትላለች። አንድ ቀን የዚያ ልጅ እናት በመስኮት አየችን። አልተቆጣችም። መስኮቱን ዘጋችው። ልጁ ሰካራምነትን እየተለማመደ ነበር? አይመስለኝም። ቤት ውስጥ ማንም የማይለውን ነገር የሚናገርበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበረው ነው።

ክረምት ክረምት መንዝ አያቴ ዘንድ ስንሄድ ደግሞ ከእረኞቹ ጋር የምንጫወተው ጅብ ነበር። አንዱ ጅብ፣ አንዱ እረኛ፣ የቀረነው በግ። መጀመሪያ ጅብ ላለመሆን እንጣላለን፤ ትንሽ ቆይተን ጅብ ለመሆን እንጣላለን፤ ምክንያቱም ጅቡ ነው የሚሮጠው፣ በጎቹ ቆመው ነው የሚበሉት። ማታ በእሳት ዙሪያ እንቆቅልሽ አለ። መልሱ ሲጠፋህ አገር ትሰጣለህ፤ አገር የተሰጠው ልጅ ደግሞ ሹመቱን ተቀብሎ አንተኑ ያዋርድሃል፣ አያትህም አብራ ትስቃለች። ገና ሲደርስ በጨዋታ ላይ ጌታም ቢሰደብ አይቆጣም የሚባል የቆየ ሕግ ነበረ። አያቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። ክፉውም፣ ጨቋኙም፣ ተሳዳቢውም የሚወጣበት ቀንና ቦታ አበጁለት።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ የማደንቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ ተራ አላቸው። ዛሬ ጅብ የሆነው ነገ በግ ይሆናል። ጅብነት የማንም ዘር አይደለም።

እዚያው መንደር፣ እነዚያው ልጆች፣ አድገው ምን እንደሚሆኑ ደግሞ አይቻለሁ። ጨዋታውን ያቆማሉ። ጅቡ ግን አይጠፋም። ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ይሄዳል፣ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ቤት ይሄዳል። «ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ» ይባላሉ። ማሰሯቸውን ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፣ ማረሻቸውን ገዝተው ያርሱበታል፤ ልጃቸውን ግን አያገቡም፣ ሕፃን ሲታመም ወደ እነሱ ይጠቁማሉ። አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ግን አልሞተም፤ ትንሽ ድምፁን ዝቅ አድርጓል እንጂ። ባልደረባዬ ሆይ፣ ክፉን በተራ ከሚጫወትና ክፉን ለአንድ ቤት በቋሚነት ከሚሰጥ ሰው የትኛው ነው የሚያስፈራህ?

ክፉን በመድረክ ላይ ማየት የማይወዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ከመንዝ ብዙም ሳይርቁ ሰያ ደብር የተወለዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ያው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር የሚባለው እሱ ነው። የላ ፎንቴን ተረቶች የሚመስል የአራዊት ጨዋታ፣ ለልጆች የሚሆን ነገር። ታዲያ መኳንንቱ ተመልክተው ምን አሉ? አውሬው እኛ ነን አሉ! ማንም ስማቸውን አልጠራም እኮ። ነገሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትርን እስከ ማሳገድ ደረሰ። የአገራችን ቴአትር ታሪኩ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ክፉውን አስጫወተ፣ ክፉውም ራሱን አውቆ ተቆጣ።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ደግሞ አስቡ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰብለን ብቻ ነው የሆነልን? ፊታውራሪ መሸሻንም ሆኖልናል፤ ያን ኩራት፣ ያን በባላገር ላይ የሚዘምት ትዕቢት። ፊታውራሪው በደካማ ድምፅ ቢነበቡ ኖሮ የበዛብህ ዕንባ ምን ዋጋ ነበረው? ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ኢያጎን እቤት ትተውት አልመጡም። ዛሬ ግን በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ምቀኛዋን ወይም ጨካኙን የሚጫወቱ ተዋንያን መንገድ ላይ ይሰደባሉ፤ ታክሲ ውስጥ «አንቺ ነሽ አይደል ያቺን ልጅ ያስለቀስሻት?» የሚባሉ አሉ። እንስቃለን። ነገር ግን የባልደረባችን ጽሑፍ ከዚያ ታክሲ ውስጥ ካለው ተሳፋሪ ምን ያህል ይርቃል?

ይኸውላችሁ፣ የሚከብደኝን ክርክሩን እስካሁን አላነሣሁም። የተውኩት ስለሚያመኝ ነው። «የእውነቱ ክፋት ሞልቶ በተረፈበት አገር የውሸቱን መጫወት ድሎት ነው» ብሏል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል በስልክ እየተደዋወልን ማን ተርፎ ማን እንደቀረ የቆጠርን ሰዎች ነን። ከዚያም በኋላ ሰሜን ሸዋ ምን እንዳየ ለእኛ ሰው መንገር አያስፈልገውም። ከጠረጴዛችን ሰዎች አንዷ ዘመዶቿ ከዚያ ናቸው። ስለዚህ ይህን ክርክር በሳቅ አላልፈውም።

እንዲያውም አንድ ነገር ልመንለት። በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች አንድ ጓደኛችን ሽፍታ ፈጥሮ ነበር። መንደር ልዝረፍ አለ፣ ዘረፈ። ጎተራ ላቃጥል አለ፤ ያቺ ልጅ ፊቷ ተቀየረ። «ይቅር» አልነው። «እኔ ምን ላድርግ፣ ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ነው» አለ። ሌላ ጊዜም ደገመው፤ እሷ ስትናገር የሷን ሰው ይመታል፣ ይሰድባል፣ ከዚያ «ኧረ ጨዋታ ነው!» ይላል። እሱ ክፉን እየተጫወተ አልነበረም። በጨዋታ ስም ተሸፍኖ፣ አጠገቡ የተቀመጠች የእውነት ሰው ላይ ነበር የሚጨክነው። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ማን ሆነና ነው «ምን ላድርግ» የሚለው? ባልደረባችን ስለዚህ ዓይነቱ ሰው ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ እፈርምለት ነበር። ልጁን አሰናበትነው፤ አሁን ሲያገኘኝ ሰላም አይለኝም።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አለን። ከመጀመራችን በፊት እንጠያየቃለን፤ የማይነካው ምንድን ነው? እሳት አይነካም። የብሔር ስም አይነሣም። ሕፃን አይገደልም። ማንም እጁን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ ጨዋታው ይቆማል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ተራውም ይዞራል፤ ክፉውን ሦስት ወር የያዘ ሰው ለሌላው ያስረክባል። የእኔ ባላምባራስ ሊያልቅበት አንድ ወር ቀርቶታል። ቀጥሎ ክፉውን የምትይዘው ያቺው ዘመዶቿ አጣዬ ያሉት ልጅ ናት። ለምን እንደፈለገችው ስጠይቃት «እንዴት አድርገው እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ድሎት ነው የሚለውን ቃል ለእሷ ባልደረባችን ራሱ ይንገራት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነን፣ በሩ ክፍት ነው፣ ቡና አለ።

እኔ ግን አሁን ልነሣ። መበለቷ ይግባኝ ብላለች። ያ ለደብሩ ብሎ የመሰከረው ሽማግሌ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዷል አሉ፤ እዚያ ምን እንዳለ አላውቅም። ከቅዳሜ በፊት አንድ ምስክር ማግኘት አለብኝ።